በሲሚንቶ ያስደፈንሽው ቦይ

እትዬ ሮሃና፣

ሱራያን ሐኪም ቤት ይዣት ሄጃለሁ። ትኩሳቷ አልወረደም።
ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ። ዓሣውን ድመት እንዳይበላው ክደኚው።

ለኢድ እንግዶችሽ መኪና ማቆሚያ ብለሽ ደጃችን ያለውን የሣር ቦይ በሲሚንቶ ስታስደፍኚ፣ «የዝናቡን ውሃ የሚጠጣልን እኮ እሱ ነው» ብዬ ለምኜሽ ነበር። «አንቺ ደግሞ የእንቁራሪት ጠበቃ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ትናንት ጎርፉ ቤት ገብቶ ልጄ የተኛችበትን ፍራሽ አንሳፈፈው።

ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ክፉ ቃል ልጽፍልሽ ከብዶኛል። ይቅር ልልሽም አልቻልኩም።

ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። የራሴን ዕቃ አልጋ ላይ አውጥቻለሁ።
ለበዓሉ ያሰፋሽው የሐር ቀሚስ ከነካርቶኑ ወለሉ ላይ ነው። አይቼዋለሁ፤ አላነሳሁትም።

ዘሌሃ