በጋቢና ወንበር ሦስተኛ ፎቅ የወጡት ወካይ

ይድረስ ለተከበሩ የጭነት ተሽከርካሪዎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎን ለሰባት ሳምንታት ባዶውን እያየሁ ስለተመለስኩ ጤናዎ ቢያሳስበኝ አይፍረዱብኝ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎ ይበርታ፣ በተለይ ቀኝ እጅዎን ክፉ አይንካው፤ ቀኝ እጁ የከዳው ሰው በእርስዎ ቢሮ ምን እንደሚገጥመው እኛ ቤት በደንብ ይታወቃልና።

እኔ ሾፌሮቹ «ጋሼ ፍሬን» የሚሏቸው የሁለት ከባድ መኪናዎች ባለቤት ልጅ ነኝ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ፍሬኑን በገዛ እግራቸው ረግጠው ሳይሞክሩ አንድም መኪና ከግቢ ስለማያስወጡ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና በሙሉ ጤንነታቸው ሳሉ፣ ፈቃድ እንዳሳድስ፣ ውል እንድዋዋልና በስማቸው እንድፈርም ሕጋዊ ውክልና ሰጡኝ። ዓምና ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፤ አእምሯቸው ግን ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ይሠራል። በዚያ ወረቀት እየተንቀሳቀስኩ ሥራው አንድ ቀን እንኳ ሳይቆም ከረመ፤ ፈቃድ ማሳደሻው ደርሶ እርስዎ እጅ እስክወድቅ ድረስ ማለቴ ነው። አሁን ሁለቱም መኪናዎች ግቢ ውስጥ ቆመዋል፤ ስንዴውን የምንጭንለት የዱቄት ፋብሪካም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተንቀሳቀስን ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ በትሕትና አስታውቆናል።

ስለዚህ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ውክልናዬን ይዤ ስቀርብ፣ ወካዩ ራሳቸው በአካል መጥተው መወከላቸውን ያረጋግጡ ስለተባልኩ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ ውክልና መምጣት ለማይችል ሰው የተበጀ ይመስለኝ ነበር።

2ኛ. የሊፍቱ ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ስለሄደ እጅግ አመሰግናለሁ። ሾፌሮቹ የአንዱን መኪና የጋቢና ወንበር ፈትተው፣ አባቴን በቀበቶው አስረው፣ ሁለቱ ሾፌሮች፣ መካኒካችንና እኔ አራቱን ማዕዘን ይዘን ቢሮዎ ያለበት ሦስተኛ ፎቅ አወጣናቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ ደረጃ የሚወጣው የሚወርደው ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ ሲያያቸው፣ አባቴ በግራ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። በሕይወቴ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይህን ለእርስዎ ይቅር ለማለት ሞክሬ አልሆነልኝም።

3ኛ. የመዝገብ ክፍል ባለሙያዎ አባቴን ሲያይ ደስ ብሎት፣ ባለቤቱ በአካል ከመጡ ውክልና ስለማያስፈልግ ራሳቸው ይፈርሙ አለ። በግራ እጃቸው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ታግለው ፈረሙ። ባለሙያው መዝገቡ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ከፈረሙት ጋር አስተያየና አይመሳሰልም ብሎ መለሰው። እዚያው በዚያው፣ እኔ አባቴ ስላሉ መፈረም አልችልም፣ አባቴም እጃቸው ስለሌለ መፈረም አይችሉም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰቡ ያስደንቃል።

4ኛ. በመጨረሻ «በተወካይ ፊርማ ጉዳይ አናስተናግድም» የሚለው ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። ፊርማው የእርስዎ አይደለም። ከማዕረግዎ በላይ «ስለ» የሚል ቃል ተጽፎ ምክትልዎ ፈርመውበታል። እርስዎን ወክለው ለመፈረም የተሰጣቸውን ወረቀት እንዲያሳዩኝ በአክብሮት ብጠይቃቸው፣ በቃል እንደተነገራቸውና አሠራሩም ሁልጊዜ እንዲሁ እንደሆነ ገለጹልኝ። በተወካይ የማይሠራው መሥሪያ ቤት፣ አለመሥራቱን የነገረኝ በተወካይ ነው!

አባቴ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን አስከፍተው ሞተር የሚነሳ እንደሆነ ያዳምጣሉ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን መኪናዎቹ ማልደው ወጥተዋል ትላቸው ነበር። አሁን እሷም ትታዋለች፣ እሳቸውም አይጠይቁም።

እርስዎን በዓይኔ ስላላየሁ አክብሮቴ ለጊዜው ለወንበርዎ ይድረስልኝ። እሱ ቢያንስ ከሥራ ሰዓቱ ጎድሎ አያውቅም።

የጋሼ ፍሬን ልጅ፣ እርስዎ ባያምኑበትም ሕጋዊ ተወካያቸው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያንን ደብዳቤ ፍርድ ቤት ወስጄው ነበር። ዳኛው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እርስዎ ራስዎ እንዲቀርቡ አዘዋል፤ መጥሪያው ላይ «በአካል» የሚለው ቃል ከሥሩ ተሰምሮበታል። ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍትም የለውም። ግን ምንም አያስቡ፤ ወንበሩ ገና ወደ መኪናው አልተመለሰም፣ ሾፌሮቹም በእርስዎ ቸርነት ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። አባቴ ወንበሩን እንድናውስዎ በጽሑፍ ፈቅደዋል፤ በግራ እጃቸው ፈርመውበታል።