ሣህሉ ያላለቀሰበት ቡሄ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ነሐሴ 15 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህ የበኩር ልጄ ለክንዱ፣

ከአስመራ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍህን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። እስከ ዛሬ ላንተ የሚጽፍልኝ ወንድምህ ሣህሉ ነበር። ማንበቡን ከእናንተ ደብተር ላይ ለብቻዬ እንደተማርሁ ታውቃለህ፤ መጻፉ ግን ገና አልገራልኝም። እጄም ስለቆሰለ ፊደሉ ቢጣመምብህ ታገሠኝ። ይህን ሣህሉ እንዲያይብኝ አልፈለግሁም።

ከትናንት ወዲያ ቡሄ ነበር። ሣህሉ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ጅራፍ ማጮሁን አልከለከልሁትም፤ ግርፊያው ግን አይሆንም ብዬው ነበር። አጎትህ አዘዘ መጥቶ ወሰደው። አባታችሁ ካረፉ ወዲህ እንደ አባት የሚያዝበት እሱ ነው።

"የክንዱ ወንድም እኮ ነው" አለኝ። "ክንዱ በሱ ዕድሜ ሲገረፍ ዓይኑን አላርገበገበም። ዛሬ ካለበት ያደረሰው ያ አይደል?"

ያለህበትን ግንባር እንደ ሹመት ነው የሚያወራው።

ልቤ አላርፍ ቢለኝ ተከትዬ ወረድሁ። ከሐይቁ ዳር ከደንገሉ አጠገብ ያለውን ሜዳ ሰው ሞልቶታል። ከሣህሉ ፊት ያቆሙት አንዳርጋቸውን ነው፤ ያን ጢም ያበቀለውን የጎረቤታችንን የወለላን ልጅ። ሁለቱም ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ናቸው። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ በየተራ ይማታሉ፣ ያለቀሰ ወይም የሸሸ ተሸናፊ ነው። አንዳርጋቸው ጅራፉን ሐይቁ ውስጥ ነክሮ አክብዶታል።

የአንዳርጋቸው የመጀመሪያ ምት የሣህሉን ጀርባ ዞሮ ሆዱ ላይ አረፈ። የሚቀጥለው ቆዳውን ቀደደው። የሣህሉ ተራ በደረሰ ቁጥር ጅራፉ አንዳርጋቸውን እየሳተ መሬት መታ።

"ዝንብ እሽ እያልህ ነው እንዴ?" አለው አንዱ፣ ሜዳው በሳቅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጆሮውን ሰነጠቀው። ደሙ በአንገቱ ሲወርድ ልጁ ፈገግ አለ። ክንዱ፣ ያ ፈገግታ ያንተው ነው።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ጅራፉ እንደገና ሲወረወር እኔ እጅ ላይ ተጠመጠመ፣ ሥጋዬንም ይዞ ተነሣ።

"እትዬ አገርነሽ፣ ኧረ ይውጡ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አለኝ አንዳርጋቸው። ድምፁ ይርገበገባል።

"ሴት ምን ልትሠራ ገባች?" አለ አዘዘ። "አንቺ፣ የሟች ወንድሜን ቤት አታዋርጂው።"

ሣህሉን በትከሻው ያዝሁና "አልቅስ" አልሁት። "አልቅስና ወደ ቤት እንሂድ።"

"ክንዱ አላለቀሰም" አለኝ።

ያን ጊዜ በጥፊ መታሁት። ደገምሁት፣ በዚያው በተሰነጠቀው ጆሮው በኩል፣ አልቅስ እያልሁ። ልጁ ፈገግታውን አልለቀቀም። መጥቶ እጄን የያዘኝ አንዳርጋቸው ነው፤ ያለቅስ የነበረውም እሱ ነው።

የሣህሉ ጆሮ ተሰፍቷል። ያቀረብሁለትን ይበላል፣ አያናግረኝም። ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ሜዳው ተመልሶ ግርፊያውን ሊጨርስ ለአዘዘ ቃል ገብቷል። እኔ ብከለክለው የሚሰማኝ አይደለም። አንተን ግን ይሰማል።

ስለዚህ ለእሱ ለብቻው ጻፍለት። አንተ በእሱ ዕድሜ በተገረፍህበት በዚያ ቡሄ ከሜዳው ሸሽተህ፣ እያለቀስህ ወደ ቤት ሮጠህ እንደመጣህ ንገረው። አዘዘ ያየው ተመልሶ የሄደውን ክንዱን ብቻ ነው። በሩን እናትህ ከውስጥ እንደቀረቀረችብህ፣ በስንጥቁም ተመልሰህ ተገረፍ እንዳለችህ አትደብቅለት። ልነግረው ጀምሬ ነበር፣ አልጨረስሁትም።

እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፤ የሚተኮሰውን ሁሉ ከላይህ ታሳልፍልህ። ከጓደኞችህ ጋር ለእናቶቻችሁ ቤት ታብቃችሁ።

ለእኔም ስትጽፍ የሚያምህን ጻፍልኝ፣ ልጄ። አሁን እሰማሃለሁ።

እናትህ አገርነሽ