አብሮ የቀለጠው ቀለበት

ካርቱም፣ ካላክላ
ጥቅምት 1996 ዓ.ም.

ውድ ኑርሁሴን፣

አሰላሙ አለይኩም። ከፖርት ሱዳን የላክኸው ገንዘብና ደብዳቤ ደርሶኛል። «ኒካሃችን ከኢድ በኋላ ነው። እህቴ ፋሪሃ ከወሎ ስትመጣ ያን ቀጭን ቀለበት እጅሽ ላይ እንዳታይብኝ። አሮጌውን ሰጥተሽ፣ በዚህ ጨምረሽ ወፍራም ግዢ» ብለሃል። መልሴን ሰባት ዓመት ከደበቅኩህ ነገር ልጀምር።

ቀለበት ያሰርክልኝ ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ «ኑርሁሴን ቀለበት አመጣ። ሰፋኝ፤ ክር ጠመጠምኩበት።» ከሳምንት በኋላ ደግሞ፦ «አንጥረኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ አየልኝ። ሃያ አንድ ካራት አይደለም፤ አሥራ አራት ነው።» ነጋዴ ነኝ፤ ሳላስመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም። አል-ማንሺያ የሀብታሞቹን በር እየጠበቅክ ያጠራቀምከውን የስምንት ወር ደመወዝ፣ ሻጩ በሃያ አንድ ሂሳብ ተቀብሎ ዝቅተኛ ወርቅ ሰጥቶሃል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ልነግርህ ነበር። አንተ ግን እንደ ሁልጊዜህ የአውቶቡስ ሂሳብ ለመቆጠብ ከማንሺያ በእግርህ መጥተህ፣ አቧራህን እንኳ ሳታራግፍ፣ ለጎረቤቴ ለኒዕማ «ሃያ አንድ ነው፣ ወላሂ! ሱዳኖቹ ራሳቸው የሚያስሩት» ስትላት ሰማሁ። ልነግርህ ያሰብኩትን ትቼ ቡና አፈላሁልህ።

የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ለሽያጭ ተሸክሜ ቤት ለቤት ስዞር የማንሺያ ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። «ሉጥፊያ፣ ወርቁ ነው ክሩ የሚበልጠው?» ይሉኛል። «ቶቡን ነው የምትገዢው ቀለበቴን?» እላለሁ። አንድም ቀን ግን እጄን ቶቤ ውስጥ አልደበቅኩም።

ባለፈው ሐሙስ ገንዘብህን ይዤ ኦምዱርማን ሄድኩ። ረሺድ የሚባል ሽማግሌ አንጥረኛ ቀለበቱን አይቶ፣ «ይህን ለብቻው ልግዛሽ። በገንዘብሽ ንጹሕ ሃያ አንድ እሠራልሻለሁ» አለኝ።

«ከአዲሱ ወርቅ ጋር አቅልጠህ አንድ ቀለበት አድርገው።»

«የኔ ልጅ፣ ንጹሑን ታበላሺዋለሽ። ነገ ልሽጠው ብትዪ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚወስዱልሽ።»

«የሚሸጥ አይደለም።»

ስለ አንድ ዕቃ እንዲህ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ስፈታው፣ «እሱንም ላቅልጠው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ወርቁ ቀልጦ እስኪዋሃድ ግን ከፊቱ ንቅንቅ አላልኩም።

ይህን የምጽፍልህ ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። አንድ ቀን የማታውቀው አንጥረኛ ከሚነግርህ ከኔ ብትሰማው ይሻላል፤ ኒካሃችን ውስጥም የደበቅኩህ ነገር ይዤ መግባት አልፈልግም። ትቆጣ ይሆናል። እንግዲያው ከኢድ በፊት ተቆጥተህ ጨርስ፤ ቁጣውም በኔ ይሁን፣ በዚያ ቀለበት አትፈርበት።

ፋሪሃ ስትመጣ እጄን ዘርግቼ አሳያታለሁ። ስንት ካራት ነው ካለችኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ግድም እላታለሁ። ለምን ሃያ አንድ አልሞላም ካለችኝ፣ ወንድምሽ ከማንሺያ በእግሩ ያመጣው አለበት እላታለሁ።

አሁን ልኬ ነው፤ ክር አይፈልግም።

ሉጥፊያህ