ለውሻ የተተከለ አጸድ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 1971 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በእግዚአብሔር ፊትና በአንተ ፊት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ለውሻህ ለቅሶ ከተቀቀለው ንፍሮ፣ አባ ገብረመድኅን ገና ሳይባርኩት፣ አንድ ጭብጥ ሰርቄ ማጀት ገብቼ በልቻለሁ። ስንዴው በደንብ በስሎ ነበር፤ ባቄላው ግን ጥርስ ይሰብራል። የበላሁትም ርቦኝ እንጂ ንቄ አይደለም። ንስሐውን ስትመጣ አንተው ትሰጠኛለህ።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? የቆላው ንዳድ አልያዘህም? ያ ክረምት ሲገባ የሚያምህ ቁርጭምጭሚትህስ እንዴት ሆነ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ላሟም ደህና ናት። እኔ በቁመት እማዬን አልፌያታለሁ፤ በምላስ እንኳ ድሮም አልፌያት እንደነበር ታውቃለህ።

«የውሻህ ለቅሶ» ስልህ ደንግጠህ ይሆናል። አዎ፣ መከታ ሞተ። አንተ አምና ወደ እብናት ስትወርድ፣ እኛ በድንጋይ ብንመልሰው እምቢ ብሎ ተከትሎህ የሄደው መከታ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ብቻውን ተመለሰ። አጥንትና ቆዳ ሆኖ ነበር። አንገቱ ላይ ያንተ ቀበቶ ታስሮበታል፤ ያ ዘለበቱ የተሰበረው። እኔ ሳቅሁ። «አሁን ወንድሜ ሱሪውን በምን አስሮት ይሆን?» አልኋት እማዬን። እማዬ አልሳቀችም። ቀበቶውን ፈታች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። መከታ ውኃ ጠጣና አንተ ትተኛበት ከነበረው አልጋ ሥር ገብቶ ተጋደመ። ከዚያ አልተነሣም።

እማዬ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ለአባታችን ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም። እሪታዋ እስከ ገበያው ተሰማ። አንተ ከሄድህ በኋላ የመጣውን ነገር አታውቅ እንደሆነ ልንገርህ፦ በእኛ ቀበሌ ለቅሶ ተከልክሏል። ማለቴ እነሱ ለወሰዱት፣ ወይም እንዳንተ ጫካ ለገባ ልጅ። ሬሳ አይሰጥም፣ ድንኳን አይተከል፣ ነጠላ አይዘቀዘቅ። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች የዘጠነኛ ክፍል ልጇን ከወሰዱባት ጀምሮ ነጠላዋን እንደ ሠርግ ቀን ነው የምትለብሰው። ስለዚህ የእማዬ ጩኸት እንደተሰማ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፈንታሁን ጠመንጃ የያዘ ዘበኛውን አስከትሎ እየሮጠ መጣ። «ማነው የሞተው?» አለ። እማዬ «ውሻዬ» አለችው። አላመነም፤ ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር አየ። ውሻ ነው። የመመሪያ መዓት በቃሉ የሚወጣ ሰውዬ፣ ለውሻ አታልቅሱ የሚል መመሪያ ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ጢሙን እያሻሸ ቆየና «እንግዲያው በመጠኑ አልቅሱ» ብሎ ሄደ።

በመጠኑ! ገና ጥግ ሳይዞር ሴቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። አንተ ብታይ ሆድህን ይዘህ ትወድቅ ነበር። መከታ በሕይወት ሳለ በድንጋይ ያባርሩት የነበሩት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። እማዬ ንፍሮ ቀቀለች። አባ ገብረመድኅንን አስጠራቻቸውና ፍትሐት ይድረስለት አለቻቸው። አባም መቋሚያቸውን አንሥተው ሊመቷት ምንም አልቀራቸው፤ ለውሻ ፍትሐት ከተደረሰ ነገ ለዶሮ ተክሊል አምጡ ትሉኛላችሁ አሉ። እማዬ ቀበቶውን አሳየቻቸው። መቋሚያቸውን ዝቅ አደረጉና «ለዝናቡ ትንሽ ልጸልይ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

መከታን የቀበርነው ከቤታችን ጀርባ፣ የጋፋት የእግር መንገድ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ነው። ቀበቶህንም አብራው ቀበረችው፤ ይቅርታ አድርግላት። በላዩ የወይራ ችግኝ ተከለችበት። አባ የዝናቡን ጸሎት እዚያው ቆመው በለሆሳስ ሲያደርሱ እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። ጆሮዬን ታውቀዋለህ። መጨረሻው ላይ ስም ጠሩ፤ የክርስትና ስምህን። ሽማግሌው አርጅተዋል፤ የውሻውና የባለቤቱ ነገር ተምታቶባቸዋል። ውሻ ክርስትና ተነሥቶ አያውቅ፤ አንድ ስም መጥራት ሲኖርባቸው ያንተ አፋቸው ላይ መጣ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እያለቀሱ ስለነበር ተውሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። የምጽፍልህም ስለሱ ነው።

በማግሥቱ እትዬ አሰለፈች የጥድ ችግኝ ይዛ መጣች። «የሞተች በቅሎ አለችኝ፣ ከመከታ ጎን ቦታ ስጪኝ» አለቻት እማዬን። እትዬ አሰለፈች በዕድሜዋ ከድመት የሚበልጥ እንስሳ ኖሯት አያውቅም። እማዬ ግን ቦታ ሰጠቻት። ተከለችና ሙሾ አወረደች፦

«በቅሎዬ በቅሎዬ፣ ምን አግኝቶህ ቀረህ፤
ደወል ተደውሎ፣ ጓደኛህ ሲመለስ፣ ደብተርህን ይዘህ።»

ጓድ ፈንታሁን በመንገዱ ሲያልፍ ሰማት። «እናት፣ በቅሎ ደብተር ይይዛል?» አላት። «በመሠረተ ትምህርት ዘመን በቅሎውስ ቢማር ምን ይገርማል፣ ጓድ ሊቀ መንበር? መሃይምነት ይጥፋ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አለችው። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። የግራር፣ የዝግባ፣ የግራዋ ችግኝ እየያዙ፤ አንዷ የበግ፣ አንዷ የጥጃ፣ አንዷ የአህያ ነው እያሉ። በጓሮአችን የተቀበሩት እንስሳት ኖኅ መርከብ ውስጥ ከገቡት ይበልጣሉ። እውነተኛ አጽም ያለው ግን የመከታ ብቻ ነው። ጓድ ፈንታሁን ለበላይ በላከው ሪፖርት ላይ «የሴቶች የደን ልማት» ብሎ መዝግቦታል አሉ፤ የሚመሰገን ሳይሆን አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ ሳቅሁ። አሁን ግን አልሥቅም፤ አንተም አትሣቅ።

ከመከታ ወይራ አጠገብ እማዬ አንድ ጉድጓድ ቆፈረች። ምንም አልተከለችበትም። የማን ነው ስላት፣ ሰው ከእብናት መጥቶ ነገሩን እስኪያረጋግጥ ይቆይ አለችኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ላሟ ልትወልድ ስትል እማዬ ገለባ እንደምትጎዘጉዝ ሁሉ ያንን ጉድጓድ ታሰናዳዋለች፤ ሥር ትለቅምለታለች፣ ጠጠር ታወጣለታለች። እኔ ገባኝ፤ ደደብ አይደለሁም። ስለዚህ ደፈንሁት። እሷ ገበያ ስትሄድ በእግሬ አፈሩን መልሼ ረገጥሁት፣ ጨፈርሁበት ማለት ይቀላል። በማግሥቱ ጠዋት ተከፍቶ አገኘሁት።

እማዬ መስላኝ ነበር። በታቦት ማለች። እሷ የምትምለው ለእውነት ብቻ ነው፤ ለውሸት የምምለው እኔ ነኝ። እንደገና ደፈንሁት፣ ድንጋይ ጫንሁበት። ተከፈተ። ድንጋዩ ወዲያ ተንከባሎ፣ አፈሩ ወደ ኋላ ተጭሮ ነበር፤ ሰው በዶማ እንደሚያወጣው ሳይሆን በጥፍር እንደሚጫር። ጭቃው ላይ የእግር ዳና አለ። የኋላ ግራ እግሩ አንድ ጣት የለውም። የመከታን ጣት ጅብ ሲነጥቀው ቁስሉን አንተ ነበርህ ያሰርህለት። በአገሩ ሌላ ጣት የጎደለው ውሻ የለም ብዬ አልምልም፤ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

ሌላም አለ። በቀትር፣ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ አጸዱን ሲሸፍነው፣ የሠፈሩ ውሾች ሁሉ ይሰበሰቡና አጥሩ ጋ ቆመው ይጮኻሉ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ጅራታቸውን ይቆላሉ። ወደ ጉድጓዱ እያዩ፣ ጆሯቸውን አስተኝተው፣ የሚያውቁት ሰው ከሩቅ ሲመጣ እንደሚያደርጉት። ሰው ግን የለም። ነፋስ ሳይኖር የችግኞቹ ጫፍ ይነቃነቃል፤ ሁሉም አይደለም፣ ዝቅ ካለው ወደ ላይ ባንድ ረድፍ፣ መካከላቸው የሆነ ነገር እንደሚያልፍ። ዶሮዎቻችን ከዚያ ወዲያ አይሻገሩም።

ባለፈው ሳምንት ጓድ ፈንታሁን አጸዱን ሊመረምር መጣ። በያንዳንዱ ችግኝ ፊት እየቆመ «ይህ የምንድን ነው?» ይላል፤ «የበግ»፣ «የአህያ» እያሉ ይመልሱለታል። ወደ ባዶው ጉድጓድ ደረሰ። «ይህስ?» አለ። እማዬ «ይኸ ገና አልመጣም» አለችው። ሊሥቅ አፉን ከፈተ። ልክ ያን ጊዜ ውሾቹ ዝም አሉ። ጅራታቸውን መቁላት ጀመሩ። ጓድ ፈንታሁን ከኋላው ማን እንደመጣ ለማየት ዞረ፤ ማንም የለም። ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም፤ ወዲያው መልሶ ደፋውና «ድፈኑት፤ ሰው ይወድቅበታል» ብሎ ሄደ። ትእዛዝ አይደል? እኔ ደስ ብሎኝ አብዮታዊ ግዴታዬን ተወጣሁ። ጠዋት ተከፍቶ አገኘሁት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የምለምንህ ይኸ ነው። በሕይወት ካለህ አንድ ቃል ላክ። ስድብ ብትልክም ይበቃኛል። «አንቺ ለፍላፊ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» በል፤ በእግዚአብሔር አርፌ እቀመጣለሁ። ትናንት እማዬ ከእነ እትዬ አሰለፈች ጓሮ የኮክ ችግኝ ስትመርጥ አየኋት። ያንን አንተ አጥር ዘለህ ትሰርቀው የነበረውን ኮክ፤ እትዬ አሰለፈችም በነፃ ሰጠቻት፤ አንተ በሰረቅህ ጊዜ እስከ ቤተ ክህነት ልትከስህ ነበር። እማዬ ከተከለችው በኋላ ብትመጣ ምን ይባላል? ሰው ለሕይወቱ በተተከለ ዛፍ ጥላ ይቀመጣል እንጂ ለለቅሶው የተተከለ ዛፍ ፍሬ ይበላል? ደግሞ አንዴ ከተከለች የሚነቅለው የለም፤ እኔም እጄን አላነሣበትም። ስለዚህ ፍጠን።

ይህን የምጽፍልህ እዚሁ አጸዱ ውስጥ፣ የመከታ ወይራ ሥር ተቀምጬ ነው። ጉድጓዱን አሁን ደፍኜው መጣሁ፤ እጄ ስለቆሸሸ ነው ወረቀቱ እንዲህ የሆነው። ጭጋጉ ወርዷል። ውሾቹ መጥተዋል። እየጮኹ ነው። ሰው የሚልክልህ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ወደ እብናት የሚወርድ ሁሉ ይፈተሻል፣ አባም እምቢ ብለውኛል። ብቻ ጽፌ ልጨርስ፣ ከዚያ አስብበታለሁ እያልሁ ነው።

ዝም አሉ አሁን።

እየመጣ ያለ ነገር አለ። ቀና አልልም። ቀና ካላልሁ...

«ሠርካለም።»

እማዬ ናት። ወንድሜ፣ እማዬ ናት፤ አትደንግጥ። ከጭጋጉ ውስጥ ወጥታ ቆማለች። ባንድ እጇ የኮኩን ችግኝ ይዛለች። ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀትና ጭቃ የሆነ እጄን አየች። እትዬ አሰለፈችም ከአጥሩ ወዲያ አለች፤ ከአጠገቧ የቆመው ገበሬ ከእብናት የመጣ ነው አሉኝ፤ አላውቀውም፤ ዓይኔን አያይም። እማዬ እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠችና ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ፣ «ጨርሺለት» አለችኝ። «ጨርሺለትና ከኮኩ ሥር እናኑርለት።»

ጉድጓዱን አየሁት። ተከፍቷል።

እንግዲህ ልጨርስልህ። እመቤታችን ከአንተ አትራቅ። ብርድ አይንካህ። ሌሊት ሌሊት ጅብ ቢጮህ አትስጋ፤ መከታ ከጎንህ ነው፤ በዚያ በጎደለ ጣቱ እንኳ ማንንም አያስጠጋብህም። ኮኩ ሲያፈራ መጀመሪያ የምቀምሰው እኔ ነኝ፤ ሰርቄ ነው የምበላው፤ አንተ እንዳስተማርኸኝ።

ታናሽ እህትህ ሠርካለም