የአባታችን ክምርና ባለነጥቡ መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድህ ወንድማለም ካሕሳይ ረዳ፤ ይህ ወረቀት ቆመህ፣ በልተህ፣ ጠጥተህ ያግኝህ። እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ደጊቱስ በሰላም ተገላገለች? ወንድ ነው ሴት? ማን አላችሁት? ዝናቡ ጣለ? እህል ገባ ወይ? ጥያቄ አበዛሽብኝ አትበለኝ። ከዚህ ቀደም የላክናቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ተከማችቶ ነው። እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። ልባችን ግን ፈርቷል። የኔ ፍርሃት አንድ ነው፣ የአባታችን ፍርሃት ሌላ ነው፤ የሁለታችንም መጨረሻው አንተ ነህ።

ይህን የሚያደርስልህ ሰው የታመነ ነው ብለውኛል። ቢሆንም አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው። ስጽፍልህ እንኳ መስኮቱን ዘግቼ ነው። ባለቤቴ ወንድየ ይስቅብኛል፤ እዚህ አገር ማን ያዳምጥሻል ይለኛል። ምን ላድርግ፣ በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል።

ደጊቱ ነፍሰ ጡር ሆና መንገዱን ስላልቻለች እናንተ ቀርታችሁ እኛ ስንወጣ፣ አባታችን ዞር እያሉ ሲያዩህ ትዝ ይልሃል? በሱዳን አድርገን እዚህ ከደረስን ወዲህም ያው ናቸው፤ ዞረው እንደቀሩ ናቸው። ያለነው ሃዳር ጋኒም የሚባል ሰፈር፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ፎቅ፣ ከታችኛው ቤት ነው። ጠዋት ተነስተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ እስኪመሽ እንዲያ ናቸው። ምግብ ስሰጣቸው ካሕሳይ በልቶ ይሆን ይላሉ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም ነበር።

ከዚያ ያነሳቸው የብርቱካን ልጣጭ ነው ብልህ ታምነኛለህ? እዚህ ብርቱካን እንደ ድንጋይ ነው፤ የሌለበት የለም። አንድ ቀን ልጣጩን በላስቲክ ከረጢት አስሬ ልጥል ስወጣ አዩኝና፣ አፈር የሚበላውን ለምን አንቀሽ ትገድይዋለሽ ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። በነጋታው ከፎቁ ጀርባ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ልጣጩን፣ ከገበያ የተጣለውን የጎመን ቅጠል፣ የታጨደውን ሣር ይከምሩ ጀመር። ከብት በሌለበት አገር ፍግ ሊሠሩ! እኔም በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምልጠውን የድንችና የካሮት ልጣጭ እየለመንሁ አመጣላቸው ነበር። አገር ቤት ሳለን መሬቱ የሰው፣ ፍጉ የእኛ ሆኖ እንዴት እንደኖርን ታውቃለህ። አሁን ፍጉም መሬቱም የእኔ ነው እያሉ በጠዋት መነሳት፣ መብላት፣ ማታ ማታም ወግ መጠየቅ ጀመሩ።

ክረምቱ ገባ። እዚህ የክረምት ዝናብ የሚዘንበው በኅዳርና በጥር ነው፤ አገሩ ተገልብጧል። ያን ጊዜ ክምሩ ይሸት ጀመር። ትንሽ ሽታ እንዳይመስልህ፣ በተዘጋ መስኮት የሚገባ ሽታ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የእኔ ዕብራይስጥ ኡልፓን፣ ማለትም ለመጤ ቋንቋ በሚያስተምሩበት ቤት፣ የቃረምሁት ነው። ከወረቀቱ ያነበብሁት የቤተሰባችንን ስም፣ ሽታ የሚለውን ቃልና ማዘጋጃ ቤት የሚለውን ብቻ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት እናንተ ዘንድ ምን እንደሚያመጣ አንተ ታውቀዋለህ።

ማታ ሞሼ መጣ። ሞሼ ከላያችን የሚኖር፣ ቫአድ የሚሉት የፎቁ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለኝ። ሽታው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠፋ ማዘጋጃ ቤት እጠራለሁ፣ ሰው ምሬት አሰምቷል አለን። እኔ ቤቱን አላሰብሁም ወንድሜ፤ ያሰብሁት አንተን ነው። የአንተን፣ የደጊቱንና የልጁን ነገር ለሚስራድ አመልክተናል፤ ሚስራድ የመንግሥት ቢሮ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤት ለሚስራድ ይነግርና፣ እነዚህ የተሰጣቸውን ቤት አገሙት፣ ወንድማቸውን ብናመጣ ምን ያደርግልናል ይላሉ፤ ወረቀትህን ከታች ይከቱታል ብዬ ነው የፈራሁት። ወንድየ ቢሮና ቢሮ አይተዋወቅም ይለኛል። ይሆናል። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ወንድየ እንዛቀውና እንጣለው አለ። እኔ እሺ ልል አፌን ከፍቼ የአባታችን አልጋ ታየኝ፤ ያ ግድግዳ ታየኝ። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ ልማረው ብዬ ወሰንሁ። ሳቅብኝ እንግዲህ! ፍግ እየዛቅህ ያደግህ ሰው፣ እህትህ ፍግ ልትማር መጽሐፍ ስትገዛ!

መሀል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት የምትሸጥበት የመጻሕፍት መደብር አለ። የፈለግሁትን በእጄም በአፌም አስረዳኋትና ሦስት መጻሕፍት ከፊቴ ደረደረችልኝ። አንዱ ወፍራም ነው፤ ሚዛንና ቁጥር የሞላበት፣ ለእርሻ ምሁር የተጻፈ። ሁለተኛው ሥዕሉ ያብረቀርቃል፤ ሁሉም ሰው ጓንት አድርጎ ከእንጨት ሳጥን አጠገብ ይስቃል፤ አንድም እጁ የቆሸሸ የለም። ሦስተኛው ስስ ነው፤ ሽፋኑ ፀሐይ የመታው፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ ከሥሩ ነጥብ ያለበት። እዚህ ያለ ነጥብ የተጻፈውን የሚያነብ አዋቂ ነው፤ ነጥቡ የሚጨመረው ለሕፃናትና እንደኔ ላለ መጤ ነው። የቱን ልግዛ? አንብቤ አልመርጥ ነገር፣ ማንበብ ራሱ ሥራ ነው። በመጨረሻ በራችን ላይ የተማርሁትን ቃል ይዤ በሦስቱም ውስጥ ሽታን ፈለግሁ። በወፍራሙ ከቁጥሮች መሀል አንድ ቦታ ተወሽቋል። በሚያብረቀርቀው ጨርሶ የለም፤ የእነሱ ክምር ሸትቶ አያውቅም። በስሱ ግን ሙሉ ገጽ አለ፤ ከላዩም በትልቁ፣ ሸተተ? አትደንግጥ፣ ይላል።

አትደንግጥ! ካሕሳይ፣ እዚህ ከመጣን ይህን ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሻጯ ይሄ እኮ ለሕፃናት ነው አለችኝ። ለጀማሪ ነው አልኋት፣ እኔም ጀማሪ ነኝ። ሥራው ሲቃና የሚሆነውን ማንም ያወራል፤ ለጀማሪ የሚረዳው ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የጻፈለት ነው። ዋጋውን ከፍዬ በጉያዬ ይዤው ወጣሁ።

ገጹ የሚለው አጭር ነው። የሸተተ ክምር ውሃ በዝቶበት አየር አጥቶ ነው፤ ደረቅ ቅጠል ጨምርበት፣ በመንሽ አገላብጠው፣ ከዝናብ ሸፍነው፣ ሥጋና ዘይት አታስገባበት። አባታችንን አስፈቅጄ ሁሉንም አደረግሁ። እርሳቸውም ደረቁ ቅጠል እንደ ገለባ መሆኑ ነው ብለው ተስማሙ። ሐሙስ ሲደርስ ሽታው ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ግን ተመልሶ መጥቷል፤ እንዲያውም ብሶ። በቀጣዩ ሳምንት እንደገና ለፋሁ፤ ሐሙስ ደህና፣ ቅዳሜ ግማት። ከዝናብ ያለበስሁትን ላስቲክ ገልጬ ባየው ክምሩ ውሃ ተኝቶበታል፤ ዝናብ ግን አልዘነበም።

ሰው እየደፋበት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የመጣብኝን ፍርሃት አልደብቅህም። እዚያ ቡዳ ናችሁ እያሉ ልጆቻቸውን ከፊታችን ይሸሽጉ የነበሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ እዚህም የሚጠላን ሰው አለ አልሁ። ደረጃ ላይ የማገኘውን ጎረቤት ሁሉ እጁን አይ ጀመር። ሞሼን ጠረጠርሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ ከሥራ የምንወጣው በጊዜ ነው። የሰንበቱን ምግብ ጨርሼ፣ ምድጃውን አጥፍቼ፣ ፀሐይ ሳትገባ ከጓሮው መስኮት መጋረጃ ኋላ ቆምሁ። ባልዲ የያዘ ሰው መጣ። ግራ ቀኙን አየ፣ ላስቲኩን ገለጠ፣ ውሃውን ገለበጠበት፣ ተመልሶ ሊቀዳ ሄደ። አባታችን ናቸው።

ሮጬ ወጣሁ። አባ፣ ምን እያደረጉ ነው አልኋቸው።  ሲደነግጡ እንደሚያደርጉት በትግርኛ ነው የመለሱልኝ። እሳት አለበት አሉኝ። አንድ ሰንበት ጠዋት ሲያዩት ይጨሳል፤ እጃቸውን ቢያስገቡበት ይፋጃል። አባቶቻችን ዓርብ ፍሙን አጥፍተው፣ በሰንበት ቀዝቃዛ በልተው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔ በኢየሩሳሌም አገር በሰንበት እሳት አነድዳለሁ ወይ አሉ። ትስቁብኛላችሁ ብለው ለማንም አልተናገሩም። ክምሩን እንዳይበትኑት ይወዱታል፤ እንዳይተዉት ይፈሩታል። ስለዚህ እንደ ምድጃ ዓርብ ዓርብ ያጠፉታል። ከዚያ ድምፃቸው ወረደና፣ ልጄ የቀረው በዚህ ይሆናል አሉኝ፤ እኔ ሰንበትን እየሻርሁ እንዴት አድርጎ ያምጣልኝ?

 እኔ ሽታው ያስቀርሃል ብዬ ስፈራ፣ እርሳቸው እሳቱ ያስቀርሃል ብለው ሲፈሩ፣ አንዳችን የሠራነውን አንዳችን ስናፈርስ ከርመናል።

ሰንበት ጠዋት መጽሐፉን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ክምሩ ለምን እንደሚሞቅ የሚናገር ገጽ አለው። መጀመሪያ በዕብራይስጥ አነበብሁላቸው፤ ባይገባቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ። ከዚያ በቋንቋችን መለስሁት። እሳት አይደለም ይላል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ውስጡ ይኖራሉ፤ ይበላሉ፣ ይተነፍሳሉ፤ ሙቀቱ የእነሱ ነው። በዓይን ካልታዩ ማን አያቸው አሉኝ። መጽሐፉ እንዲህ ይላል አልኋቸው። ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አነሱ። ፈራሁ፤ ወደ ግድግዳው ሊዞሩ ነው ብዬ። ቆይተው ግን፣ በብርድ ከከብቶቹ ጋር አንድ ቤት ስናድር የሚያሞቀን ትንፋሻቸው አልነበረም ወይ አሉ። ሰንበት ገባ ብለን ከብት አስወጥተን አናውቅም። ትንፋሽ አልተከለከለም። ቢሆንም ቄሳችንን ሳልጠይቅ አላርፍም አሉ።

ቄሱ ያሉት ሌላ ከተማ ነው፤ እስካሁን አልተገናኙም። የሚቀጥለው ዓርብ ሲመጣ እኔ እንደገና ከመጋረጃው ኋላ ቆምሁ። ባልዲውን ይዘው ወጡ። ክምሩ አጠገብ ሲደርሱ ባልዲውን ደፉትና ተቀመጡበት። ባዶ ነበር። ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ተቀምጠው ጠበቁት።

እሑድ ሞሼ ወረደ፤ አሸተተ፣ ዞረው፣ እንደገና አሸተተ። በሰደር አለ፣ ደህና ነው ማለቱ ነው፤ እስከ ፋሲካ እናያለን አለ። በራችን ላይ የነበረውን ወረቀትም ራሱ ቀደደው። እኔ ግን አሁንም ወደ ቤት ስመለስ በሩን ሳላይ አልገባም።

ሞሼ ከመውረዱ በፊት፣ ሰንበት ጠዋት የሆነውን ሳልነግርህ ልጨርስ አልችልም። ብርድ ነበር፤ ክምሩ ይጨሳል። አባታችን ላስቲኩን ገልጠው መዳፋቸውን አሳረፉበትና፣ ይተነፍሳል አሉ። ቆዩ። ሳናየውም ይተነፍሳል አሉ። እጃቸውን ሳያነሱ እንባቸው ወረደ፤ እኔም ስለማን እንደሚናገሩ ስላወቅሁ ወደ ቤት ገባሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ረጅም ደብዳቤ ጻፍ አልልህም። ይህን ወረቀት ባመጣው ሰው እጅ አንድ ቃል ላክልን። መጻፍ ካስፈራህ የጣትህን አሻራ ላክ፤ የአንተን ጣት እናውቀዋለን።

ለደጊቱ ጉንጯን ስመህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ምጥ ላይ አጠገቧ ሳልቆም በመቅረቴ እንዳትቀየመኝ። ለእናቷና በደጃችሁ ለሚያልፉ ወገኖች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ስሙን ለማላውቀው ልጅ፣ ወይ ስሟን ለማላውቃት ልጅ፣ ግንባሩን ሳምልኝ፣ ግንባሯን ሳምልኝ። ወንድየ ጉልበትህን በቅቤ እሸው ብሎሃል። አባታችንን ምን ልበልልዎ ብላቸው ብዙ አሰቡና፣ ይተነፍስ እንደሆነ ብቻ ጠይቂው፣ የቀረውን ሲመጣ ራሴ እጠይቀዋለሁ አሉኝ።

እህትህ አለምነሽ ረዳ
ፔታ ቲክቫ፣ ማክሰኞ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.