አራተኛው መስመር

ውድ ወንድሜ ሰይፈዲን፣

ጅማ የከፈትከው ሱቅ ደርቶልሃል አሉ፤ እሰየው። ስልክ በዛብኝ፣ መስመሮቹን የዘረጋልንን የቀጄላን ቁጥር ላኪልኝ ብለሃል። ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ከመደወልህ በፊት ግን ይቺን አንብብ። ፊት ለፊት ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፤ ደብዳቤ አይቋረጥም።

አስራ ስምንት ማዞሪያ ሱቃችን ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ እያለን እንዴት እንደምንሆን ታስታውሳለህ። ጋዝ ገባ የተባለ ቀን ኮልፌ በሙሉ ይደውላል፣ ስልኩ ይያዛል፣ ደንበኛው ተናዶ ባዶ ሲሊንደሩን ይዞ ጦር ኃይሎች ሰፈር ካሉት ሱቆች ይሄዳል። አራት መስመር እናስገባ ያልከው አንተ ነህ፤ ቁጥሩ አንድ፣ አንደኛው ሲያዝ ጥሪው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው የሚያልፍ። ጎበዝ ነበርክ፣ አልክድህም። በወሩ ገበያችን እጥፍ ሆነ።

አራተኛውን ግን ለእማዬ አደረግከው። ከአስኮ በቀን አስር ጊዜ እየደወለች «ምሳ በላችሁ?» ስለምትል፣ ከቤቷ ስልክ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ መጋዘን ውስጥ ወዳስቀመጥከው፣ ማንም ወደማያነሳው ስልክ እንዲሄድ ቀጄላን አዘዝከው። «እሷ እንደሆነ ሥራ የላትም፣ ስትደውል ትዋል» አልክ። ሳቅን። አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ። ማንበብ አትችልም፤ በቃሏ የያዘችው ቁጥር የሱቁ ብቻ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

እማዬ ተኝታ ነው ያለፈችው ብዬህ ነበር። ውሸቴን ነው። ልቧን አሟት ነበር። ጎረቤቷ እትዬ ወለተጻድቅ ገብተው አይተዋታል። «ደረቷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች» አሉኝ። «መኪና ልፈልግና ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ተዪ፣ እየጠራ ነው፣ ልጆቼ አሁን ያነሱታል አለችኝ። ቤቴ ደርሼ ስመለስ አልቆላታል።»

ገባህ? የድሮው ስልክ ቢሆን መያዙን ሰምታ ትዘጋውና ከጎረቤቷ ጋር ትሄድ ነበር። አንተ ግን የማይያዝ ስልክ ሰጠሃት። ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች። ቀጄላ የተከለው ጥሪ ማከፋፈያ ማሽን መዝግቦታል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቀብሯ ላይ ስትንሰቀሰቅ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ልጅ ወልዳለች» ይል ነበር። እኔን አላሳዘንከኝም። እንደዚያ ቀን ጠልቼህ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርህ። እሷ ያለፈች ዕለት ከሰዓት አንተ ጭነት ልታመጣ ሄደህ ሱቁ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። የመጋዘኑ ስልክ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። እሷ መሆኗንም አውቄያለሁ፤ በዚያ መስመር ሌላ ማን ይደውላል? ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ ሲሊንደር እያወራሁ ነበር። ድምፁ ሲረብሸኝ ሄጄ የመጋዘኑን በር ዘጋሁት።

ይህን አምስት ወር ብቻዬን ይዤው ቆየሁ። የጻፍኩልህ ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ እኔም ይቅር አልልህም። አንተ እናቴ በሰላም አለፈች ብለህ እየተኛህ፣ እኔ ብቻዬን ስቃጠል መኖር ስላልቻልኩ ነው።

እህትህ ፈይዛ