በቴአትር መድረክ ስለተሰማው የዋጋሪ ሞት

ግንቦት 6 ቀን 1956 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ለክቡር የአውራጃው ገዥ
ነቀምቴ

አመልካች፦ ተረፋ ባቻ፣ የጨውና የቡና ነጋዴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር

ጉዳዩ፦ ስለ ፊታውራሪ ዋቅወያ ቴአትር የተመልካችን አስተያየት ስለማቅረብ፣ እንዲሁም በቴአትሩ ምክንያት የታሰሩት ወይዘሮ ድርቤ እንዲለቀቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ባለፈው ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ሲከበር፣ በጠላት ወረራ ዘመን አገሩን ያስተዳደሩትንና ያዋጉትን የሟቹን የፊታውራሪ ዋቅወያን ታሪክ የሚያሳይ ቴአትር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀርቦ ነበር። ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢዶሎ ከመሄዱ በፊት ሕዝቡ ያለውን ጽፌ እንዳቀርብ የበዓሉ ኮሚቴ አዘዘኝ። የተመረጥኩት ሱቄ ገበያው አፍ ላይ ስለሆነና የዕለቱን ነገር በደብተር የምጽፍ መሆኔ ስለሚታወቅ ነው።

2. አብዛኛው ሰው ወዶታል። ፊታውራሪን በቅርብ የሚያውቋቸው ባሻ ወልደሩፋኤል፣ ፊታውራሪን ሆኖ ስለተጫወተው መምህር፣ «ድምፁ ራሱ ነው፤ ግን ያንን ካፖርት ለመሙላት ሁለት መምህር ያስፈልጋል» ብለው ሱቄ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ አስቀዋል። ጠጅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሐረግወይን ግን፣ «ሰላዩ ሲረሸን አጨብጭቤያለሁ። እናቱ ከኋላዬ መቀመጣቸውን ባውቅ እጄ በተሰበረ» ብለውኛል። ከዚህ በኋላ የሌሎችን አስተያየት መሰብሰብ አቆምኩ።

3. የሆነው እንዲህ ነው። በሦስተኛው ክፍል ዋጋሪ የተባለ በቅሎ ነጂ የጠላት ወረቀት ይዞ ተገኘ ተብሎ ፊታውራሪ ፊት ይቀርባል፤ እግራቸው ላይ ወድቆ ይለምናል፤ ይረሸናል። ስሙ የእውነት ስም ነው። ደራሲው መምህር ተድላ ታሪኩን የሰሙት ከሁለት አሮጌ ዘማቾች ሲሆን፣ ቤተሰቡ ተረድቶ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። «ይህን ያህል ዘመን ሳይረዳ የሚቆይ ቤተሰብ የት አለ?» አሏቸው። ሰላይ ለተባለ ሰው ግን ማንም መርዶ ነጋሪ ሆኖ አልሄደም። እያንዳንዱ ሌላው የነገራቸው መስሎት ኖሯል።

4. እናቱ ወይዘሮ ድርቤ የሰባ ዓመት አሮጊት ናቸው። መድረክ ላይ ወጥተው የተዋናዩን ካፖርት ይዘው በአገራችን ቋንቋ፣ «ልጄን የት አደረግኸው?» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ማንንም አልመቱም። በዓል በማወክና የአርበኛን ስም በማጉደፍ ተወንጅለው እነሆ ዘጠኝ ቀን በጣቢያ ታስረዋል። አጥፍቻለሁ ብለው ቢፈርሙ እንደሚለቀቁ ተነግሯቸው፣ «ልጄ ያለበትን ሳትነግሩኝ ብትለቁኝም አልሄድም» ብለዋል። የሚገባላቸውን ምግብም ሳይነኩ ይመልሳሉ።

5. ጣቢያው እኔን በምስክርነት ጠርቶኛል። የምመሰክረው የሚከተለውን ነው።

ዋጋሪ የሚነዳው የእኔን በቅሎዎች ነበር። በ1931 ዓ.ም. ጨው የማመጣው ጠላት ከያዘው ከተማ ስለነበር የይለፍ ወረቀት ነበረኝ፤ ማኅተም እንጂ ስም አልነበረበትም። በሐምሌ ወር ወደ ፊታውራሪ የጦር ሰፈር ስንቃረብ ፈታሾችን ከሩቅ አይቼ ወረቀቱን ዋጋሪ በሚነዳው በቅሎ ኮርቻ ሥር ሸጎጥኩት። አገኙት። ፊታውራሪ የማን እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ በቅሎዎቹ አየሁ። በቴአትሩ እንደታየው አልለመነም፤ እግራቸውም ላይ አልወደቀም። ፊታውራሪ የፈረዱት ባዩት ወረቀት ነው፤ የማላውቀውን በእሳቸው ላይ አልጨምርም።

ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኜ ቀበርኩት። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። የዚያን ዕለት በደብተሬ የጻፍኩት፣ «ዝናብ። ሁለቱን በቅሎዎች መለስኩ» የሚል ብቻ ነው።

6. ለእናቱ ወደ ሱዳን ተሻገረ ብዬ የነገርኩ እኔ ነኝ። ከነጻነት በኋላ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው ጋምቤላ በወረድኩ ቁጥር፣ «ግራ ጆሮው ላይ ጠባሳ ያለበት ዋጋሪ የሚባል ሰው እንዳለ ጠይቅልኝ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሼ፣ «ዘንድሮም ያየው የለም» ብያለሁ። እያንዳንዱ በደብተሬ ከነቀኑ ተጽፏል።

7. ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ወይዘሮ ድርቤ ሳይፈርሙ እንዲለቀቁ እንዲያዝዙልኝ፤

ቴአትሩ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዱ በፊት ዋጋሪን ሰላይ የሚለው ክፍል እንዲወጣ ወይም እውነቱ እንዲገባበት፤

አፅሙ ከኑኑ ቁምባ መውረጃ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከዋንዛው ሥር ወጥቶ በቤተ ክርስቲያናቸው መቃብር እንዲያርፍ እንዲፈቀድ እለምናለሁ። ቦታውን የማሳይ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ጣቢያው ገብቼ የቀረውን መርዶ በራሴ አፍ እንድነግራቸው ይፈቀድልኝ። መሞቱን ከመድረክ ሰምተዋል። በማን እንደሞተ ገና አልሰሙም። እሳቸው ከወጡ በኋላ እኔ እዚያው እንድቀር ቢታዘዝ ሱቄን ዘግቼ፣ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥቼ መጥቻለሁ።

የክቡርነትዎን ትእዛዝ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ሆኜ የምጠባበቅ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ተረፋ ባቻ (ፊርማ)

አባሪ፦ የ1931 ዓ.ም. የማስታወሻ ደብተር፣ አንድ